የጥጃዋ የፊት ጎማዎች

ዘለቀ «አላስታውስም» አለ። በዚህች አንድ ቃል ከእርሻው ጋራዥ ወጥቼ ጥበቃ ሆኜ በር ላይ ቆምኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። የትንሿ ትራክተር የፊት ጎማ የተነቀለው በእኔ ጥፋት አልነበረም። በእኔ ጥፋት ነው ተባለ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበርና አንድ ወረቀት አምጥተው አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ። ምን ላይ እንደፈረምኩ የነገረኝ የለም። ብጠይቅ ይነግሩኝ ይሆን ነበር። አልጠየቅኩም፤ የደነገጠ ሰው መጠየቅ አይመጣለትም።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ማዘን የፈለገ ያኔ ማዘን ይችል ነበር። አሁን ነገሩ አልቋል፤ ስላለቀ ነው የምጽፈው።

አንጁሎ እባላለሁ። የኦቾሎ ሰው ነኝ። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ ጋራው ጫፍ ላይ ያለ መንደር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ብዙው ወንድ ሸማኔ ነው። አባቴም ሸማኔ ነበር። እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን ሲረግጥ እያየሁ አደግሁ። እኔም አጠገቡ እንድቀመጥ ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም። ጎረምሳ ስሆን ቆላ ወርጄ አርባ ምንጭ አጠገብ ካለ አንድ ትልቅ እርሻ ጥጥ ለቃሚ ሆንኩ። አባቴ አልከለከለኝም። «ጥጡን አንተ ልቀም፣ እኔ ልሸምነው። ብቻ መስቀል ሲመጣ ና» አለኝ። በእኛ ዘንድ ለመስቀል ቤቱ ያልገባ ልጅ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከጋራው የወረድነው ሁለት ሆነን ነው። ሁለተኛው ዘለቀ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ። አንድ ማዳበሪያ ላይ ተኝተናል፣ አንድ ሳህን በልተናል። እሱ ሳቂታ ነው፤ አለቃ ሁሉ ይወደዋል። እኔ ፊቴ አይፈታም። ለቃሚ ሲበዛ ማንን ሥራ ላይ እናስቀር ሲሉ ዘለቀን ያስቀራሉ፣ ዘለቀ ደግሞ «ያለ አንጁሎ አልሠራም» ይላቸዋል። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ እውነት ነውና።

በኋላ እሱ መንዳት ተማረ። እኔ ጋራዥ ገባሁ። ገባሁ ስል፣ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ የሚያጥብ ሰው ጠፍቶ ነው። እጄ ይላጥ ነበር። ደመወዙ ከለቀማ ብዙም አይሻልም፤ ጥላው ግን ይሻላል።

እዚያ ነው ጋሽ ተክሌን ያገኘሁት። ዋና መካኒኩ ነው። ከሰሜን የመጣ፣ አጭር፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። እኔ ያኔ አማርኛዬ ገና ነው፤ እሱ ጋሞኛ አያውቅም። ስለዚህ በእጁ ነው ያስተማረኝ። ዕቃ መሬት ላይ አያስቀምጥም፤ ጆንያ ዘርግቶ እንደ ማዕድ ይደረድራል። ግሪስ ከቆርቆሮው እንደወጣ አይቀባም፤ መዳፉ ላይ አድርጎ እስኪለሰልስ ያሻዋል፣ ከዚያ በጣቱ ያስገባዋል። «ቀዝቃዛ ግሪስ እንግዳ ነው፣ ቤት አይገባም» ይል ነበር።

ስለ ኮፒልያ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ኮፒልያ ማለት ጎማው ከተሰካበት ብረት ሾልኮ እንዳይወጣ፣ ብረቱ ጫፍ ላይ ባለች ቀዳዳ ገብታ ሁለት እግሯ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሽቦ ናት። ዋጋዋ ምንም ነው። ጋሽ ተክሌ አሮጌዋን እንዳወጣ ቆርጦ ጉድጓድ ይጥላታል፤ ማንም አንስቶ መልሶ እንዳያስገባት።

ሌላው ልማዱ አራት እጅ ነው። ጎማ የገጠመ ሰው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቀንቃል። ያ ሁለት እጅ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሰው መጥቶ ይነቀንቃል። አራት እጅ ሳይነካው ጎማ ከጋራዥ አይወጣም። ሌላ ሰው ከሌለ ጥበቃውን ይጠራል። ጥበቃው «እኔ ምን አውቄ?» ሲለው «እጅ አለህ አይደል?» ይለዋል።

ከእኔም የወሰደው ነገር አለ። አንድ ጊዜ ቸርኬ፣ ማለት ጎማው የሚለብስበት ክብ ብረት፣ ተጣሞ ሲያቃና በዓይኑ ሲለካ አየሁት። ከኪሴ ድር አወጣሁ። የሸማኔ ልጅ ኪስ ውስጥ ድር አይጠፋም። ከአንድ እንጨት ወደ ሌላው ወጠርኩት፤ ክሩ የቸርኬውን ጠርዝ ነካ አይነካ ይላል። ቸርኬው ሲዞር የወጣበት ቦታ ክሩን ይገፋዋል፣ የገባበት ቦታ ይሸሸዋል። ጋሽ ተክሌ አተኩሮ አየው። ከዚያ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «የሸማኔ ልጅ፣ ክሩን» ማለት ለመደ። በስሜ ከመጠራት ያ ይሻለኝ ነበር።

ትንሿ ትራክተር የመጣችው አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ለችግኝ ጣቢያው ትቷት ሲሄድ ነው። ቀይ ነበረች። ትልልቆቹ ትራክተሮች በሬ ከሆኑ እሷ ጥጃ ናት፤ ስሟም ጥጃ ሆኖ ቀረ። የፊት ጎማዎቿ ከጉልበት አይበልጡም። በማንጎና በሙዝ ችግኝ መካከል እየገባች ትንሽ ጋሪ ትጎትታለች። የሚነዳት ዘለቀ ነው። መሪዋን ሲይዝ ሙሽራ ይመስላል፤ ሴቶቹ ችግኝ ጫኞች እሱ ሲመጣ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ።

የዚያን ቀን ጋሽ ተክሌ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ጠዋት የጥጃዋን ሁለቱን የፊት ጎማዎች አውጥቼ ግሪስ ለወጥኩ። አዲስ ኮፒልያ አስገባሁ፣ አጠፍኩ። ነቀነቅኩ። ዘለቀን ጠራሁት።

«አንተ ደግሞ፣ ተክሌ የለ፣ ማን ያይሃል?» አለኝ እየሳቀ።

«ንካ።»

ሁለቱንም ጎማ ነቀነቀ። «እንደ ጥርሴ ነው» አለና ነድቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጩኸት ሰማን። ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ግራ ጎማዋ ወጥቶ ጥጃዋ ተገልብጣለች። ዘለቀ ከሥሯ ነው። ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ እኔና ችግኝ ጫኞቹ። እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር አይመስልም ነበር። አልጮኸም። ዓይኔን እያየ «አንጁሎ፣ አንጁሎ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሐኪም ቤት ሄደው ጠየቁት። ጎማውን ጠዋት አንጁሎ ነው የፈታው? አዎ። ከዚያ ወዲያ የነካው ሰው አለ? የለም። አንተስ ነቅንቀህ አይተሃል? አላስታውስም።

አራት እጅ ነበር የነካው። ሁለቱ የእሱ ናቸው። አላስታውስም አለ።

የእርሻው አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። አንድ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበር፣ እኔ ደግሞ አጠገቡ ነበርኩ። በር ላይ አቆመኝ። ከእሱ በኋላ ብዙ አለቃ መጣ፣ ብዙ አለቃ ሄደ፤ ለሁሉም በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንዱም ጋራዥ ተመለስ አላለኝም። ዘለቀ ሰባራ እግር ይዞ በጡረታ ወጣ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኦቾሎ ወጣ። «አንጁሎ ጎማውን ሳያስር የዘለቀን እግር ሰበረ።» ዘለቀ ደግሞ እግሩ መርገጫ አይረግጥም፤ እንኳን መንዳት መሸመንም አልቻለም። ለመስቀል ቤቴ ገባሁ። ሥጋ ተሰጠኝ፣ ቦታ ተሰጠኝ። የሚያወራኝ ግን የለም። አባቴ ከጉድጓዱ ቀና ሳይል «እኔ ክር ሳልቋጥር ተነስቼ አላውቅም» አለ። ይህችን ብቻ። በማግስቱ ወረድኩ። ሁለተኛ አልወጣሁም። አባቴ ያንን እንዳመነ ሞተ። የቀብሩ ዕለት ሰው መሐል ቆሜ የውጭ ሰው መሰልኩ።

በሩ ላይ ከቆምኩ በኋላ ጋሽ ተክሌ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። የጥበቃ ካፖርት ለብሻለሁ። ከመኪናው ወረደ። ምን ሆነህ ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ካፖርቱን አየና «ሰፍቶሃል» አለኝ። ገባ።

በማግስቱ ሥራ ሲያበቃ በሩ ጋ ቆመ። ብረት ላይ ምልክት የሚያደርግባትን ጠመኔ ከኪሱ አውጥቶ በሩ ቆርቆሮ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የብየዳ ምልክት።»

«ሀ ነው። ነገ ስገባ ትነግረኛለህ።»

እንዲህ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ያኔ የልጆች አባት ነኝ። ማታ ማታ አንድ ፊደል ይጽፋል፣ ጠዋት ይጠይቃል፣ ካወቅሁት በእጅጌው ያጠፋውና ይገባል። ዝናብ ካጠፋው አይቆጠርም ይላል። ፊደሉ አልቆ ቃል ጀመርን። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ግሪስ» ነው። የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል «አላጠፋሁም» ነው። በሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ጠዋት መጥቶ አነበበው። «ጠ እግሯ ተጣሟል» አለኝ፣ አስተካከለልኝ፣ ሳያጠፋው ገባ።

ስለ ጎማው ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። አንተ ነህ ወይ አላለም፤ አንተ አይደለህም አላለም። ይህ ነው ብዙ ዓመት የበላኝ። ጥፋተኛ መስዬው አዝኖልኝ ይሆን? ፊደሉ ምጽዋት ይሆን? እያልኩ በሩ ላይ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር። ጋሽ ተክሌ ጡረታ የወጣ ዕለት ኮፒልያ የሚያጥፍባትን ፒንሳ ሰጠኝ። እጀታዋ በእጁ ልክ ተበልቷል።

«ለጥበቃ ፒንሳ ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

«ጥበቃ መሆንህን ማን ነገረህ?» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ቀብሩ ላይ ዘለቀን አየሁት፤ በምርኩዝ ቆሟል። ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ክር እንደሚሸጥ አውቃለሁ። በዚያ ስሄድ እኔ መንገድ አሳብራለሁ፤ ካላሳበርኩም እሱ አንገቱን ይደፋል። እግሬን ሰብሮኛል ብሎ ተቀይሞኛል ብዬ ነበር። የዋሸ እሱ፣ የተቀየመ እሱ። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

እንዲህ እያለሁ ጡረታ ወጣሁ። ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ባጃጅ መጣ። ባለ ባጃጁ ይነጫነጫል፤ የኋላ ወንበሩን ዝገት አበላሽቶበታል። አንዲት ጎልማሳ ሴት ወረደች። ምሕረት ትባላለች፤ ወደ ሴቻ ሰፈር መውጫ ላይ ችግኝ ትሸጣለች።

«አባባ አንጁሎ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ጠፋ?»

«እርሻው ቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ አንዲት ትንሽ ትራክተር ገዛሁ። ዶሮ ነበር የሚያድርባት። ሞተሯን የሚሠራልኝ ሰው አለ። የፊት ጎማዋን ግን ሁሉም አይቶ ይተወዋል። ሲቀላ ገበያ ጠይቄ ወደ እርስዎ ጠቆሙኝ።»

ወንበሩ ላይ አየሁ። የጥጃዋ የፊት ጎማዎች ናቸው፤ የተሰኩበት ብረት ሳይቀር። ግራው ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም እንዳልነካው አወቅሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ የመታው ቦታ እንደታጠፈና እንደተሰነጠቀ ነው።

«አልሠራም» አልኳት።

ባለቤቴ አማረች ከውስጥ ሰማች። «አስቀምጪው እናቴ» አለቻት፤ «እሱ መጀመሪያ እምቢ ማለት አለበት። ልማዱ ነው።»

ጎማዎቹ ከሀላኮው ዛፍ ሥር ሳምንት ተቀመጡ። እየዞርኩ አያቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ጆንያ ዘረጋሁ።

ቀኙን አስቀድሜ ሠራሁ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት። የነሐሱን ቀለበት፣ ማለት ጎማው ሲዞር ብረቱን እንዳይበላው መካከል የሚገባውን፣ አወጣሁት፤ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ሆኗል። ቶርኖ ቤት ወስጄ አዲስ አስወጣሁ። ሲገባ እንደ ቅቤ ገባ። እጄ ረስቶ መስሎኝ ነበር። አልረሳም።

ከዚያ ግራውን ያዝኩ። ጎማው ከቸርኬው ጋር ተጣብቋል። የሳሙና ውሃ አጠጣሁት፣ አሳደርኩት፣ በሞርሳ ጨመቅኩት። ሲላቀቅ አሮጌ አቧራ ወጣ። ውስጡ ያለው ከለመዳሪ፣ አየር የሚይዘው ላስቲክ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል። ጎተትኩት። አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ በክር ታስሯል።

የጥጥ ክር ነው። ጠቁሯል፤ ቋጠሮው ግን አልተፈታም። ድር ሲበጠስ የምንቀጥልባት የሸማኔ ቋጠሮ ናት፤ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ጣት ሲያልፍባት የማትታወቅ። በኦቾሎ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አቋጣጠር አለው። የእኛ ቤት ጫፉን አንዴ ያዞራል። ይህች ሁለት ጊዜ ዞራለች። ሁለት ጊዜ የሚያዞሩት የዘለቀ ቤት ሰዎች ናቸው።

ተቀመጥኩ። ከጎማው ውስጥ የግራር እሾህ አገኘሁ። ጎማው የሚሰካበትን ብረት አንስቼ በነጭ ጋዝ አጠብኩት። የኮፒልያዋ ቀዳዳ ተደፍኗል። በቀጭን ብረት መታሁት። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። የሚስማር ቁራጭ ነው፤ የችግኝ ሣጥን የሚመታበት ሚስማር።

ያን ጊዜ ሁሉንም አየሁት፣ አጠገቡ የቆምኩ ያህል። እሾህ ወግቶታል። ጋራዥ መመለስ ሰንፏል፣ ወይም ሴቶቹ ፊት አፍሯል። ራሱ ጎማውን ፈቷል። ከለመዳሪውን እንደ ድር ቋጥሯል፤ የእኛ ሰው ነዋ፣ የተቀደደ ነገር ሲያይ ክር ነው የሚመዘው። ኮፒልያዋ ሣር ውስጥ ጠፍታበታለች። ከሣጥኑ ሚስማር ነቅሎ አስገብቷል። ቁልቁለቱ ላይ ሚስማሩ ተቆረጠ።

የዚያን ቀን ሥራውን መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። የተሰነጠቀውን ቸርኬ ይዤ ጎረቤቴ ብየዳ ቤት ሄድኩ፣ በዘለቀ ላይ ያለኝን ንዴት ሁሉ ብረቱ ላይ አወጣሁት። አንድ ቦታ ላይ እሳት አበዛሁበት። ሲቀዘቅዝ ቸርኬው እንደ ቅጠል ተጠማዘዘ። ገደልኩት። ሌላ እንዲህ ያለ ቸርኬ በአገሩ የለም። የሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥፋት አልሠራሁም፤ አሁን ሽበቴ ሙሉ ሆኖ ሠራሁት። ቸርኬውን በብብቴ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለአማረች ነገርኳት። ክሩንና ሚስማሩን አየቻቸው።

«ሄጄ ገበያ መሐል እሰድበዋለሁ» አልኳት።

«ሂድ። ሸሚዝህን ቀይር ብቻ፤ በግሪስ ሸሚዝ ስድብ አያምርም።»

ሸሚዜን ቀይሬ ሲቀላ ሄድኩ። ክሩና ሚስማሩ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ዘለቀ የክር ልቃቂቱን ደርድሮ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ የተሰበረው እግሩ ወደፊት ተዘርግቷል። አንዲት ሴት የገዛችው ክር ተበጥሶባት ይቀጥልላታል። እጁ አርጅቷል። ቋጠረ፣ ጫፉን ሁለት ጊዜ አዞረው።

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ።

ሴትዮዋ ሄደች። አንገቱን ቀና አደረገ፣ አየኝ። አልሸሸም።

«ድር ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?» አለ።

«ቸርኬ ላቀና።»

ከሁሉም ጠንካራውን መርጦ ሰጠኝ። ዋጋ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ተመለስኩ።

በማግስቱ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ዘለቀ ነው፤ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀ። አማረች ወንበር አወጣችለትና ወደ ጓሮ ሄደች። እሱ ሳይቀመጥ ቆሞ ጎማውን አየ።

«ከፈትከው» አለ።

«ከፈትኩት።»

«ሴትየዋን የላክኋት እኔ ነኝ። ለችግኝ ማሰሪያ ክር ልትገዛ መጥታ ስለ ጥጃዋ አወራችኝ። ማን ይሠራልኛል ስትለኝ ስምህን ነገርኳት። በአፌ መናገር ሲያቅተኝ ጎማው ራሱ ይንገረው አልኩ።»

«እስከዛሬስ?»

«ለጌታ ተናግሬ ነበር፣ አንጁሎ። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ።»

«ጌታ ጋራዡ ውስጥ አልነበረም» አልኩት። «እኔ ነበርኩ።»

ተቀመጠ። ልጁ ያኔ ጨቅላ እንደነበረ ነገረኝ። ጎማውን እኔ ነኝ የፈታሁት ካልኩ ባዶ እጄን ያባርሩኛል፣ አንድ እግር ያለውን ሰው ማን ይቀጥራል ብሎ አስቧል። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ሲል ቀኑ ሄደ። ቀኑ በሄደ ቁጥር ደግሞ ቃሉ ከበደ።

«እኔ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር» አልኩት። «አንገትህን ስትደፋ።»

«ዓይንህን ማየት አቅቶኝ ነው እንጂ።» ምርኩዙን በመሬቱ ላይ አሻሸ። «ተክሌም ያውቅ ነበር።»

«ምን?»

«ከሐኪም ቤት የወጣሁ ሰሞን ቤቴ መጣ። ስለ እግሬ አልጠየቀኝም። እጅህን አሳየኝ አለኝ። መዳፌን ይዞ ሲያይ ቆየ። ይህ እጅ የነካውን አይረሳም አለኝ። አንተ ንገርልኝ ብዬ ለመንኩት። እኔ ብናገር ለአንጁሎ ጥርጣሬ ነው የምሰጠው፣ ካንተ አፍ ካልወጣ ነጻ አይሆንም አለ። በዓመት በዓመት ይመጣ ነበር። ተናገርክ ወይ ይለኛል። ገና ስለው ሻይ ሳይጠጣ ይሄዳል።»

ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጋሽ ተክሌ ያልጠየቀኝ መልሱን ስለሚያውቅ ነበር። እኔ ዘመኔን በሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ዝምታውን በክፉ ስተረጉም ኖርኩ። ቢነግረኝ ምን ነበረበት ብዬ ተናደድኩበት፤ ቀጥሎ «አላጠፋሁም» ብዬ የጻፍኩትን ሳያጠፋው የገባበት ጠዋት ትዝ አለኝ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

«ክሩን ያዝ» አልኩት።

የተጠማዘዘውን ቸርኬ ሰካሁት። ሁለት እንጨት ተከልኩ። ዘለቀ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ክሩን ወጥሮ ያዘ። እኔ አዞራለሁ፤ ክሩ የተገፋበት ቦታ ሲደርስ «እዚህ» ይላል፣ በእንጨት መዶሻ እመታለሁ። ትንሽ ትንሽ። አንዳንዴ «ቀስ፣ አንተ፣ የሰው ዕቃ ነው» ይለኛል። እኔ «አንተ ነህ ስለ ሰው ዕቃ የምትመክረኝ?» እለዋለሁ። ይስቃል። ጥርሱ አልቋል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ሦስት ቀን እየተመላለሰ ያዘልኝ። በመጨረሻ ክሩ የቸርኬውን ዙሪያ ሁሉ እኩል ነካ። የገደልኩት መሰለኝ እንጂ አልሞተም ነበር።

ቀይ ቀለም ቀባናቸው። ምሕረት አዲስ ጎማ አስመጣች። ግሪሱን መዳፌ ላይ አሸሁት፣ አስገባሁት። በጋሽ ተክሌ ፒንሳ ኮፒልያዎቹን አጠፍኩ። ነቀነቅኩ። ከዚያ ዘለቀን አየሁት።

እየተንፏቀቀ ቀረበ። በሁለት እጁ ከላይና ከታች ያዘ። ዓይኑን ጨፍኖ ነቀነቀ፤ ግራውንም ቀኙንም።

«አስታውሳለሁ» አለ። «ያን ቀንም እንዲህ ነበር።»

ለእኔ ይህ በቂ ነበር። ለእሱ አልበቃውም። «ስምህ የጠፋው በመንደሩ ፊት ነው፤ በመንደሩ ፊት ካልመለስኩት እኔ አልሞትም» አለ። በሽማግሌ ወግ መታረቅህን ፓስተርህስ ምን ይላል ስለው «ፓስተሩም የኦቾሎ ልጅ ነው» አለኝ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ምሕረት ጎማዎቹን ከነብረታቸው በሰው መኪና አስጭና ራሷ አብራን ወጣች። ዱቡሻው፣ መንደሩ ለነገር የሚሰበሰብበት ባለ ድንጋይ ሜዳ፣ ላይ አስቀመጥናቸው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። ከሁሉም ያረጀው፣ የአባቴ እኩያ የነበረ፣ ጎማዎቹን በምርኩዙ ነካ አደረጋቸው።

«አገር ያወራላት ይህች ናት?»

«ናት» አልኩ።

«እኔ እኮ ቤት የምታክል መስላኝ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ዘለቀ ግን የእርቅ ምልክታችንን፣ እርጥብ ሣር፣ በእጁ ይዞ ቆመ። በምርኩዝ ሳይደገፍ ነው የቆመው፤ ልጁ ሊይዘው ሲል ገፋው። በቋንቋችን ተናገረ። እሾሁን ተናገረ፣ ቋጠሮውን ተናገረ፣ ሚስማሩን ተናገረ፣ አላስታውስም ያለውን ቃል ተናገረ። «አንጁሎ አስሮ ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በተሰበረው እግሩ ሊንበረከክ ሲል ሄጄ በብብቱ ያዝኩት። ሣሩን ከእጁ ተቀበልኩ።

ሽማግሌው ተነሳ። ማንም ሳይነግረው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ቀጥሎ ሌላው ተነሳ፣ ሌላውም። የሸማኔ እጆች ሁሉ አንድ በአንድ ነቀነቁት። ጎማው ንቅንቅ አላለም።

«የአባትህ የሽመና ጉድጓድ አልተደፈነም» አለኝ ሽማግሌው። «ሄደህ ንገረው።»

ሄድኩ። የአባቴ ቤት ውስጥ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሰደድኩ። ከኪሴ ያችን የጠቆረች ክር አወጣሁና ዘለቀ በሁለት ያዞራትን ቋጠሮ ሳልፈታ መርገጫው ላይ አሰርኳት፤ በራሴ ቤት አቋጣጠር፣ አንዴ አዙሬ።

ነገሩ ያለቀው ቅዳሜ፣ መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።